እናቴ ተኝታ የሄደችባት ሚኒባስ

ከታች ያለው ጎረቤታችን የኩሽና ቁም ሣጥን እያሠራ ነው። እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሽታም እንደ ሰው ደረጃ ይወጣል፤ ትናንት ጠዋት በሩን ስከፍት አዲስ የተቆረጠ ኮምፔርሳቶና ማስቲሽ ሸተተኝ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። የአባቴ ሚኒባስ ውስጧ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነው፤ እኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን በተሳቢ ሹፌርነት የፈጀ ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ወድቃ ወገቧ ከተጎዳ ወዲህ መቀመጥ አይሆንላትም። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፤ ወንበር ላይ ግን ሻይዋን ሳትጨርስ ፊቷ ይለዋወጣል። ስለዚህ ወሎ ያለችውን እናቷን ለዓመታት አላየቻትም። አውቶብስ የማይታሰብ ነገር ነበር። የአያቴ ዓይን እየደከመ መሄዱን በስልክ በሰማች ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች። እኛም አንከተላትም።

አንድ ቀን አባቴ የተሳቢውን ሥራ ተወና አንዲት አሮጌ ነጭ ሚኒባስ ገዝቶ መጣ፤ ውስጧ አልጋ ሊሠራባት። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሳሪስ የሚኖረው አጎቴ፣ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረገ።

«ከገዛህ አይቀር ምናለ ሰፋ ያለ ብትገዛ? ሰው የሚተኛበት ከሆነማ አውቶብስ ነው የሚያስፈልግህ።»

«ትልቅ መኪና ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ» አለ አባቴ። «ትልቅ መኪና መንገድ ይመርጣል። ይቺ እኛ ቅያስ ትገባለች፣ ደጄ ትቆማለች፣ ነዳጅም አትጠጣም። በሥራ ቀን የባለሱቆቹን ዕቃ አመላልስባታለሁ፤ መንገድ ስንወጣ ቤት ትሆናለች።»

«ቤት?» አጎቴ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ቤት።»

ወንበሮቹን ነቀላቸው። ግቢያችን በመጋዝ ድምፅ ተሞላ፤ ብናኙ የከሰዓት ፀሐይ ላይ እየተንሳፈፈ የታጠበ ልብሳችን ላይ ያርፍ ነበር። ወደ ጎን የሚታጠፍ አልጋ ሠራ፤ ከሥሩ መሳቢያ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ትንሿን የጋዝ ምድጃ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ አበጀ። አልቆ ሲጠራት እናቴ ወጥታ አየችውና እዚያው ደረቀች።

«እኔ ሬሳ ነኝ እንዴ ተጋድሜ የምሄደው?»

ተመልሳ ገባች። አባቴ አልተከራከራትም። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ራሱ ተጋደመ፤ ጣራውን እያየ ቆየ። ከዚያ ተነሣና ያን ሁሉ የለፋበትን አልጋ ነቀለው። በማግስቱ ከፍ አድርጎ መልሶ ሠራው፤ የተኛ ሰው ዓይኑ ከመስኮቱ ጋር ትክክል እንዲሆን። መስኮቱን ከፍቶ ጠራት።

«ነይ እስቲ ሞክሪው። ለሬሳ መስኮት አይከፈትለትም።»

እየተነጫነጨች ወጣች፣ ጋደም አለች። ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ምን ይታይሻል?»

«የጎረቤት ልብስ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ደግሞ ሰማይ።»

ከኢድ በኋላ ሦስታችን ወደ ወሎ ወጣን። የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ያፏጫል፤ ጣርማበር ላይ ጭጋግ ዋጠን፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበለን። እናቴ ሲያማት አባቴ ጥላ ፈልጎ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሚኒባሷ የሚበቃት ቦታ ትንሽ ነው፤ አንዲት ዛፍ ሥር ትገባለች። በሩን ገፋ አድርጎ ይከፍትና ሻይ ያፈላል፤ እናቴ ተጋድማ ተራሮቹን በስማቸው እየጠራች ታሳየኛለች። እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ከአስፋልቱ ወደ አያቴ ቤት የሚገባው መንገድ ግራና ቀኙ ቁልቋል ነው። አጎቴ ሲሄድ መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ በእግሩ ነበር የሚገባው። እኔ ወርጄ ሁለቱን የስፖኪዮ መስታወት አጠፍኩ፤ ሚኒባሷ እሾሁ ጎኗን እየጫራት ቀስ እያለች ደጃፉ ድረስ ገባች።

አያቴ እጇን ዘርግታ መጣች።

«እንዴት መጣሽ የኔ ዓለም? ማን ተሸክሞሽ?»

«ተኝቼ መጣሁ፣ እማ።»

አያቴ አላመነችም። ገብታ አልጋውን፣ መሳቢያውን፣ ምድጃውን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ሁለቱ እዚያ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ያወሩ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ንግግራቸው አይሰማም፤ አልፎ አልፎ ሳቃቸው ብቻ ይወጣል።

መኪናዋን ከሸጥናት ቆየ። አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ትናንት ሽታው ሲመጣ ቀና ብሎ አየኝ።

ያኔ የመመለሻችን ቀን አያቴ «እስከ አስፋልቱ ልሸኛችሁ» ብላ ገባችና ከእናቴ ጎን ተጋደመች። አስፋልቱ ጋ የሚመልሳት ጎረቤቷ ቀድሞ ደርሶ ቆሟል። አባቴ አቆመ።

«እማማ፣ ደርሰናል፤ ይውረዱ።»

«ትንሽ ወደፊት» አለች።

ትንሽ ነዳ። ቆመ።

«ትንሽ ብቻ፣ ልጄ።»

እንደገና ነዳ። ከዚያ በኋላ መቆሙንም ተወው። እንዲህ እያልን ቀጣዩ ከተማ ደረስን።  በመጨረሻ እናቴ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «አሁን እንመልሳት» አለች። አባቴ፣ ያ ለነዳጅ የሚሳሳው ሰው፣ መኪናዋን እዚያው ጠባቡ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ አዞራትና ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰ። አያቴን ደጃፏ አወረድናት፤ እኛም እዚያው አደርን።

በማግስቱ ጠዋት አያቴ መኪናዋ ድረስ መጣች። በሩን ያዘች፣ ግን እግሯን አላነሣችም።

«ዛሬ አልገባም» አለች። «ከገባሁ አልወርድም።»

እናቴ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመቻት። ሄድን። ክረምቱ ሳይገባ የአያቴ መርዶ መጣ፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም።

ከዚያ ጉዞ ከሁሉ የማስታውሰው ግን የመልሱን መንገድ ነው። እናቴ ወደ አልጋው ጠርዝ ተጠግታ፣ በአንድ ጎኗ ብቻ ተኝታ ነበር። ወገቧን እንደሚያማት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «እማ፣ ሰፋ ብለሽ ተኚ እንጂ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ እስከ አቃቂ ድረስ ግን አልተዘረጋችበትም።