የምራቂው ቀረጥ

«ድብቅ ክፍያ አለው። ያላዘዝኩትን ዕቃ ጨምሮ ላከና ቀረጡን እኔ ከፈልኩ። ሐቀኛ ሻጭ አይደለም።» ከጎኑ አንድ ኮከብ።

ይህን ከኢንተርኔት ሱቄ ገጽ ላይ ያነበብኩት ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ጂንካ ላይ መብራት ሲጠፋ ስልካችንን የምንሞላው ጀኔሬተር ያለው ጓደኛዬ ጋ ነው። ጓደኛዬ የአንድ ሰውዬ ጢም እየላጨ በመስተዋቱ አየኝና «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ሌባ ተባልኩ።»

«ማን ነው ያወቀብህ?» አለ። ሰውዬው ሲስቅ ምላጩ ሊቆርጠው ነበር። እኔ አልሳቅኩም።

ጂንካ ውስጥ ጀምሬ ያልተውኩት ነገር ቢኖር ይህ የኢንተርኔት ሱቅ ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ክረምቱ ሳይወጣ ተውኩት። ባጃጁን ለባለቤቱ መለስኩ። ከአስጎብኚነቱም ከማኅበሩ ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። እናቴ «አንተ ስትቀመጥ እሾህ ይወጋሃል» ትለኛለች። ሱቁ ላይ ግን ተቀመጥኩ። ዕቃውን በጠዋት ብርሃን ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር እጽፋለሁ፣ የማላውቀው ሰው ከማላውቀው አገር ያነበዋል። ግጥሞቼን እንዲህ አጥብቆ ያነበበልኝ ሰው የለም። ገንዘቡ ናይሮቢ በሚኖረው በእህቴ ባል በኩል ይመጣል፤ ብዙ አይደለም፤ ግን ሱቁ የእኔ ነው።

የምሸጠው ቦርኮቶ ነው። በእኛ በኩል የሐመርም የበናም ወንድ ከእጁ የማይለየው፣ ሲቀመጥ በርጩማው ሲተኛ ትራሱ የሚሆን ትንሽ የእንጨት ሥራ ነው። የምገዛው ከአንድ የበና ሰው ነው። ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ይቀመጣል፤ የሚጠርበው እዚያው፣ እያወራ ነው። ሲሸጥልኝ ሁልጊዜ ሚስቱ የሠራችውን የዶቃ አምባር ይጨምርበታል። ምራቂ ነው። እህል የምትሰፍር ሴት በመጨረሻ አንድ እፍኝ እንደምትመርቀው ማለት ነው። አምባሩን ለራሴ ላስቀረው እንደማልችል ከመጀመሪያው ነግሮኛል። «ይሄ ለአንተ አይደለም፤ ቦርኮቶው ላይ ለሚተኛው ሰው ነው» ብሎኛል። እኔም እንደሰጠኝ እልካለሁ።

መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ኮከብ ለሰጠችኝ ገዢ ዕቃውን የላክሁ ቀን ፖስታ ቤት፣ ከመስኮቱ ወዲያ የምትቀመጠው ሴትዮ የጉምሩኩን ቅጽ መለሰችልኝ።

«ገጣሚው፣ አምባሩ ዋጋ የለውም እንዴ?»

«ምራቂ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እዚህ ወረቀት ላይ ምራቂ የሚል ቦታ የለም። ዋጋ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ቱሪስት መንገድ ዳር የሚከፍልበትን ዋጋ ጻፍኩ፤ የሰው ሚስት የሠራችውን አሳንሼ መጻፍ ነውር መሰለኝ። በገዢዋ አገር ሕግ ከተወሰነ ዋጋ በታች የሆነ ዕቃ ሳይቀረጥ ይገባል። ቦርኮቶው ብቻውን ቢሆን ያልፍ ነበር። አምባሩ ሲጨመርበት መስመሩን ተሻገረ፤ የአገሯ ጉምሩክም አስከፈላት። ከዚያ ገንዘብ ወደ እኔ የመጣ ሳንቲም የለም። እሷ ግን አምባሩንም አስቀርታ፣ ቦርኮቶውንም አስቀርታ፣ ሐቀኛ አይደለም ብላ ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን ሱቄን የከፈትኩበት ድረ ገጽ ራሱ ጻፈልኝ። የሱቄ ነጥብ ስለ ወረደ፣ ካልተሻሻለ ዕቃዎቼ ለፈላጊ አይታዩም። ሱቄ ገና ስለሆነ አስተያየት የሰጡኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አንድ ኮከብ ሁሉንም ይዞ ወረደ። የማይታይ ሱቅ ደግሞ የተዘጋ ሱቅ ነው። አቤት አልኩ። ቀረጥ የሚሰበስበው መንግሥት እንጂ ሻጭ እንዳልሆነ ጽፌ፣ የቅጹንም ፎቶ አያይዤ ላክሁ። መልሱ ሻዩን ጠጥቼ ሳልጨርስ መጣ፤ ሰው ያነበበው አይመስልም። አስተያየቱ የገዢዋ ስሜት ስለሆነ አይነሳም ይላል።

ስሜት። እኔስ ስሜት የለኝም?

ለሴትየዋ በቀጥታ ጻፍኩላት፤ በትሕትና፣ ጥርሴን ነክሼ። መለሰች። «ቀረጡን አንተ እንዳልወሰድክ አሁን ገብቶኛል። ነገር ግን ሳላውቅ ከፈልኩ። የጻፍኩት የተሰማኝን ነው፣ አልለውጠውም።» ይህ ነው ያበሳጨኝ። ባይገባት ይቅር እል ነበር። ገብቷት ተወችው።

ከአስተያየቷ ሥር ለሁሉም የሚታይ አንድ መልስ መጻፍ ይፈቀድልኛል። አንድ ጊዜ ብቻ። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ስጽፍ ስሰርዝ ሰነበትኩ። በመንገድ ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ሲዘመር፣ አፌ ውስጥ ስድብ አመላልሳለሁ። ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነበር፦

ኬላው ባገርሽ ላይ፣ ዘቡ ያገርሽ ሰው፤
ሌባ ተባለ ግን እጁ ያልደረሰው።

ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው የፖሊስ ቃል መሰለ። ተውኩት።

ሐሙስ በአይሱዙ ተጭኜ ቀይ አፈር ወረድኩ። ጠራቢው እንደ ወትሮው ገበያው ዳር፣ ጥላ ሥር ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። በአማርኛ ሲያወራ ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» ነው የሚለው።

«ሴትዮ የከፈለው ለማን ነው?» አለኝ።

«ለመንግሥቷ።»

«እና አንተን ለምን ይሳደባል?»

ወደ ገበያው መውጫ በመጥረቢያው ጠቆመኝ። እዚያ ገመድ ተወጥሯል። ፍየል ገዝቶ የሚወጣ ሰው ለቀራጩ ከፍሎ ነው ገመዱ የሚወርድለት። «ገዢው ይከፍላል። ተመልሶ የፍየሉን ባለቤት ሌባ የሚል አይተሃል? እንዲህ ያለ ሰው ፍየሉ ራሱ ይስቅበታል።»

እኔ ግን አልሳቅኩም። ሱቁን ስከፍት ስለ እንጨቱ፣ ስለ ቅርጹ፣ ስለ ጭረቱ ሁሉ ጽፌያለሁ። የአገራችሁን ቀረጥ እናንተ ትከፍላላችሁ ብዬ ግን አልጻፍኩም። ገመዱን የሚያልፍ እንደሚከፍል እዚህ ማንም ለማንም አይነግርም፤ መናገሩ ስድብ ነው። እኔም እንደ ቀይ አፈር ሰው ሆኜ ለዓለም ሸጥኩ።

«ከእንግዲህ አምባሩ ይቅር» አልኩት።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «እንግዲያው የእኔን አትሽጥ።»

«ስማኝ፣ ወንድሜ፣ ሱቁ ሊዘጋብኝ ነው።»

«ይዘጋ። ባዶውን የሸጠ ብለው እኔን ነው የሚሰድቡት። ሚስቴስ ምን ይላል?»

ተከራከርን። ከጎኑ ማር የምትሸጠው ሴት ጣልቃ ገብታ «ይኼ ልጅ እኮ የሚያሳዝን ነው፣ ግጥም ነው የሚበላው» አለችው፤ ሰው ሳቀብኝ። በመጨረሻ ገዢውን አስቀድሜ እንድጠይቅ ተስማማን። ምራቂ እፈልጋለሁ ካለ ይላካል፣ ካልፈለገ አይላክም። እሱ ግን እስክሄድ ድረስ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «ምራቂ ይጠየቃል እንዴ? ተጠይቆ የሚሰጥ ከሆነ ዋጋ ነው።»

ጂንካ ተመልሼ መልሴን ጻፍኩ። ግጥም የለበትም። «ቀረጡን የጠየቀው የገዢዋ አገር ጉምሩክ ነው። አምባሩ ከሠሪው የተሰጠ ነው፣ አላስከፈልኩበትም። ሳልነግራት መላኬ አስከፍሏታል፤ ለዚህ አዝናለሁ። ሐቀኛ አይደለም የሚለውን ግን አልቀበልም።» ከሱቁ አናት ላይ ደግሞ የቀረጡን ነገር በትልቁ አሰፈርኩ። ከፎቶዎቹ በፊት የሚታየው አሁን እሱ ነው። ሱቄ የወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ መሰለ።

ከዚያ ትእዛዝ ጠፋ። ለፈላጊ መታየቴ ቀርቶ ነበር። ጓደኛዬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ መላጨት ላስተምርህ ይለኝ ጀመር።

አንድ ሰው ግን፣ እንዴት እንዳገኘኝ አላውቅም፣ አንድ ቦርኮቶ አዘዘ። ምራቂ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አመሰግናለሁ፣ ምንም አትጨምር» አለ። ቦርኮቶውን ብቻውን ጠቀለልኩት። ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን ክፍተት በጋዜጣ ስሞላ አንድ ሰው ቤት ባዶ እጄን የምሄድ ያህል ከበደኝ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ቅጹን ሳታመላልስ ማኅተሟን መታችበት።

አምስት ኮከብ መጣ። «እንዳዘዝኩት ደረሰ» ይላል። ነጥቤ ከፍ አለ፣ ዕቃዎቼም እንደገና መታየት ጀመሩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማክሰኞ አልዱባ ድረስ ሄጄ ለጠራቢው ነገርኩት።

«ሌላስ ምን አለ?» አለኝ።

«ሌላ የለም። እንዳዘዝኩት ደረሰ፣ ይሄው ነው።»

«ተቀይሟል» አለ።

አልተቀየመም፣ ደስ ብሎት ነው፣ ከአምስት ኮከብ በላይ የለም ብዬ አስረዳሁት። አላመነኝም። የሚቀጥለውን ቦርኮቶ ከነአምባሩ እጄ ላይ አኖረው፤ እኔም አምባሩን አልመለስኩለትም። አምባሮቹ አሁን እቤት ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። ለእኔ አልተሰጡኝም፣ የተሰጡላቸው ሰዎችም አልፈለጓቸውም። እናቴ «ለማን ነው ይህ ሁሉ?» ትለኛለች።