በርኖስ ለባሹን ጀግና የተውኩበት ፊርማ

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የልጅነት ጓደኛዬ ጌታነህ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ። እስካሁን አንጀቴ እያረረ ነው።

በደርግ ጊዜ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። በደብተራችን ጀርባ በርኖሱን ዘርግቶ ከአንኮበር ገደል ላይ የሚበር ጀግና ፈጠርን። ሥዕሉ የእሱ፣ በርኖሱና ታሪኩ የእኔ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ድርሻዬን ከጌታነህ ጋር በአንድ ሸራ ጫማ ለወጥኩት። (ጫማው ደግሞ ጠበበኝ!)

አሁን አንድ ፊልም ሠሪ ጀግናውን ከጌታነህ ሊገዛው ነው። ያኔ ባልለውጠው ኖሮ ዛሬ ውሉን የምንፈርመው ሁለታችን ነበርን። ጌታነህ የመጣው ግን ጀግናው ከእሱ ሌላ ባለቤት እንደሌለው እንድፈርምለት ነው።

"ፈርምልኝ፤ ስምህን ፊልሙ ላይ አስጽፍልሃለሁ" አለኝ።

"ተወው ባክህ፣ የልጅ ጨዋታ ምን ስም ያስፈልገዋል?" ብዬ ፈረምኩ።

አቅፎኝ ሄደ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲለምነኝ ነበር የፈለግኩት። አንዴ ቢደግመው ስሜ እንዲጻፍ እሺ እል ነበር።

ባለቤቴ ስትሰማ "ታዲያ አትደውልለትም?" አለችኝ። ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

እስቲ እናንተም አውሩኝ፤ ቅናት ይዟችሁ "አልፈልግም" ያላችሁት ነገር ምን ነበር?