ከአንድ ልጅ ሁለት ቀስት

ጠባቂዎች ከባጃጅ ያወረዱኝ አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ መግቢያ ኬላው ላይ ነው። ጦርነቱ ቀርቦ ስለነበር መንገደኛ ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር። «ለማን ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ሐይቅ ከተማ የሒሳብ መምህር ነኝና «ለመንግሥት» አልኩ። ያፌዝኩ መስሏቸው እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ። የማሽላ ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል፤ አይጡም አያስተኛም።

እዚያ ከጂዳ የተመለሰ አንድ ወጣት አገኘሁ። ኬላው ላይ የአባቱን ስም ሲጠይቁት መታወቂያው ላይ የሌለ ስም ስለጠራ ማንነቱን ደብቋል ተብሎ ነው የታሰረው። ወላጁ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሙስሊም ገበሬ ነው። ያሳደገው ግን ከግሸን ግርጌ ያለ ክርስቲያን ነው፤ በልጅነቱ እንደ አገሩ ልማድ የራሱን አውራ ጣት ማር ውስጥ ነክሮ አጥብቶ የጡት ልጁ አድርጎታል። የጠራው የእሱን ስም ነበር።

መምህር መሆኔን ሲሰማ «ቲቸር፣ ትምህርት ጥዬ አረብ አገር የሄድኩት በፋንክሽን ተማርሬ ነው፤ እስቲ ያስረዱኝ» አለኝ።

ግድግዳው ላይ በከሰል ሁለት ክብ ሣልኩ፤ አንዱ የልጆች፣ ሌላው የአባቶች። ከየልጁ ወደ አባቱ ቀስት ሰደድኩ።

«ይህ ሪሌሽን፣ ማለትም ዝምድና ነው። ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀስት ብቻ ከወጣ ፋንክሽን ይሆናል። አንድ አባት ብዙ ልጅ ቢኖረው ችግር የለም።»

«ከእኔ ሁለት ይወጣል።»

«ራስህን ተወው!»

«እንዴት ራሴን እተዋለሁ ቲቸር? ከልጆቹ ውስጥ ነኝ እኮ።»

ደሜ ፈላ። ይባስ ብሎ ትክክል ነበር፤ በእሱ ምክንያት ፋንክሽኔ ፈረሰ። «አንዷን ቀስት አጥፋ! የመታወቂያህን ስም ብቻ ተናገርና ቤትህ ግባ!» እያልኩ ለመንኩት፤ ተቆጣሁት።

«ወላሂ አላደርገውም። ማሩን ጠብቼ አባቴን ልካድ?»

«ግትር!» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

በማግስቱ መርማሪው እኔን አስጠራኝ። «የአባቱን ነገር ለአንተ ነግሮሃል። እውነተኛ አባቱ አንዱ ነው፣ ሌላው ውሸት ነው ብለህ ፈርምና ሂድ።»

ልጆቼ ናፍቀውኛል። እስክሪብቶውን ያዝኩት፤ ከዚያ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ሁለቱም አባቶቹ ናቸው።»

«ሰው ሁለት አባት የለውም!»

«እኔም ትናንት ስለው ያመሸሁት ይህንኑ ነው፤ ግን አለው።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ወጣቱ «ምን አሉዎት?» ሲለኝ «ዝም በል» አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ስፈታ በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ጋቢ አንጥፈው፣ አንድ አገልግል በመካከላቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አንዱ የሶላት ኮፍያ አድርጓል፤ የሌላው አንገት ላይ ማተብ አለ።

«ልጃችን እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፤ ግትር ነው እንጂ» አልኳቸው። እሱም ከእኔ በኋላ ተፈታ።

ዛሬም ፋንክሽን አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መጽሐፉ ላይ ያለውን የአባትና የልጅ ምሳሌ ለምን እንደምዘለው ይጠይቁኛል። «የጻፈው ሰው አምባሰልን አያውቅም» እላቸዋለሁ፤ አሁንም እየተበሳጨሁ።