አሥር በር በአንድ ጣራ ሥር

ልጅ ሳለሁ ጊንጪ ውስጥ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነበር፤ አሥር ክፍል፣ አሥር በር፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራ። በወጣትነታቸው ከሠሩት አናጺዎች አንዱ የእናቴ አጎት ኦቦ ፈይሳ ነበሩ፤ በስተርጅና ሦስተኛው ክፍል ለራሳቸው ደረሳቸው። ያኔ ኮርኒስ የሚባል ነገር ስላልነበረ ክፍሎቹን የሚለያዩት ግድግዳዎች ከሰው ቁመት ትንሽ አልፈው ያበቁ ነበር፤ ከዚያ በላይ ጭሱም፣ የኩራዙ ብርሃንም፣ ሳሉም የጋራ ነበር።

ራት ሳደርስላቸው ኦቦ ፈይሳ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ተረት ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ ዘጠኙ ከየአልጋቸው ይሰማሉ። ወጉ እንዲህ ነበር፦ ተረቱ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፣ ከየክፍሉ በየተራ «ኤዬ!» ይባላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እኔ እቆጥር ነበር።

አንድ የሐምሌ ምሽት ቁጥሩ ስምንት ሆነብኝ።

«አንድ ጎደለ» አልኩ።

«ጫልቱ ናት፤ አኩርፋለች» አሉ ኦቦ ፈይሳ። «ብርድ ገባኝ ብላ ክፍተቱን በሁለቱም በኩል በጆንያ ጠቅጥቃዋለች።»

«ትናንትም ጆንያው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ተሰምቷል።»

ከግድግዳው ማዶ አንዱ «ይሄ ልጅ ቀረጥ ሰብሳቢ ይወጣዋል!» ብሎ ሳቀ።

ኦቦ ፈይሳ አልሳቁም። ወርደው በዝናቡ ሄደው ሰባተኛውን በር ገፉት። አዴ ጫልቱ የከሰል ማንደጃ አስገብተው ዘግተው ነበር፤ ፍሙ ቀልቷል፣ እሳቸው ከአልጋው ሥር ወድቀዋል። ተሸክመን በረንዳ ላይ አወጣናቸው። ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በቀር ምንም አይሰማም፤ ያኔ መቁጠሩንም ረሳሁት። ከዚያ አቃሰቱ። ዓይናቸውን ገልጠው ከበላያቸው የቆመውን ሰው አዩና «ሞቼም ፈይሳ ነው የሚቀበለኝ?» አሉ። ኦቦ ፈይሳ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው እያለቀሱ ሳቁ።

በማግስቱ ጆንያው ወጣ፤ ኦቦ ፈይሳም መጋዛቸውን ስለው ከአዴ ጫልቱ ራስጌ መስኮት ከፈቱላቸው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አምቦ ላይ በራሴ ላብ የሚከራዩ ክፍሎች ሠርቼ እኔም ከተከራዮቼ ጋር ግድግዳ ተጋርቼ አረጀሁ። የዚያን ምሽት ተረት የቱ እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። ያ ማቃሰት ግን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ከጎረቤት ክፍል ሰው ሲያቃስት ልጆቼ ይደነግጣሉ፣ እኔ ግን መጀመሪያ እፎይ እላለሁ፣ ከዚያ ነው ተነሥቼ በሩን የማንኳኳው።