ትልቁ ዲስክ

በወንድሜ ጉንጭ ላይ ያለውን ጠባሳ የሚያዩ ሰዎች «የሥራ ምልክት ነው» ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የግትርነትና የዝምታ ምልክት ነው፤ ግትርነቱ የእሱ፣ ዝምታው የእኔ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ መካነ ሰላም በተመለስኩበት ዓመት ሥራ አላገኘሁም ነበር። ፊዚክስ ተምሬ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሲሰለቸኝ፣ ታላቅ ወንድሜ በከፈታት ብየዳ ቤት መለካትና ቀለም መቀባት ጀመርኩ። ጊዜው «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የምንባልበት ነበር። በየስብሰባው ስለ መደራጀት ሰምቻለሁ፤ ስለ ዓይን መከላከያ መነጽር አንድ ቃል የተናገረ ግን አላጋጠመኝም።

ብረት የምንቆርጥበትን ግራይንደር የላከችልን ዓረብ አገር ያለችው እህታችን ናት። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማሽን ነው። እየዞረ ብረቱን የሚቆርጠውን ክብ ዲስክ በግማሽ የሚሸፍን የብረት መከለያ አለው፤ ዲስኩ ቢሰበር ስብርባሪው ሠራተኛው ላይ እንዳይመጣ። ወንድሜ መከለያውን በሁለተኛው ወር ፈትቶ አስቀመጠው።

ምክንያት ነበረው። የማሽኑ ልክ የሆነው ትንሹ ዲስክ ከከተማው ሱቆች ጠፋ። ከደሴ የሚመጣው ትልቁ ብቻ ሆነ፣ ትልቁ ደግሞ መከለያው ካልወለቀ አይገባም። በሰፈራችን ያሉ ብረት ሠሪዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እንደ ብልሃትም ይቆጥሩታል። «ትልቁ እየተበላ ሲሄድ ትንሽ ይሆናል፣ አንድ ገዝተህ እንደ ሁለት ትሠራበታለህ» ይባባላሉ።

እኔ ግን በማሽኑና በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ማሽኑ በደቂቃ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ትልቁ ዲስክ ከስምንት ሺህ አምስት መቶ በላይ እንዳይዞር ተጽፎበታል። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

አረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። ልጃቸው ከዓረብ አገር የምትመጣላቸው አንዲት እናት ያዘዙትን የግቢ በር ሊያዩ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ቀን ጠፍቶ የከረመው መብራት ገና መምጣቱ ነው። ወንድሜ ትልቁን ዲስክ ሲያነሳ ጠጋ አልኩት።

«እሱን አትግጠመው» አልኩ ቀስ ብዬ። «የማሽኑን ፍጥነት አይችልም።»

«ምን አልሽ?» ሆን ብሎ ጮክ አለ።

«ይፈነዳል።»

«ሰሟት እማማ? ኢንጂነሯ ፈረደች! ሦስት ዓመት ተምራ ዲስክ ላይ ያለ ቁጥር ማንበብ ቻለች።»

ሴትዮዋ ሳቁ። «አብሽሪ እናቴ፣ ማሻአላህ እጁ የተባረከ ነው። ይልቅ መብራቱ ሳይሄድ ይቁረጥበት።»

«መነጽሩንስ አታደርግም?» አልኩት።

«መነጽር አድርጌ መስመሩ አይታየኝም።»

ፊቴ ጋለ። ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያቅተኛል። የቀለም ጣሳዬን አንስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አውቄ ሄድኩ።

ድምፁ የጥይት መሰለኝ። ሮጬ ስመለስ ማሽኑ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ይጮሃል፤ ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ በጣቶቹ መካከል ደም ይወርዳል። ሶኬቱን ነቀልኩ። አንዱ ስባሪ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል። ሌላው ጉንጩን ቀዶታል።

ሐኪሙ እየሰፋው «አንድ ጣት ወደ ላይ ቢሆን ዓይኑ አብቅቶለት ነበር» አለ። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እኛ ክርስቲያኖቹም አልን። ያበገነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሊጠይቁት የመጡ ጎረቤቶች «ሥራው ስለደመቀ ዓይን በልቶት ነው» ብለው ተስማሙ። የሰው ዓይን! ሁለት ሺህ አምስት መቶ ትርፍ ዙር እንደሆነ ማንም ሊሰማ አልፈለገም። ወንድሜም ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ናችሁ» አለ።

በአራተኛው ቀን ፋሻውን እንዳደረገ ብየዳ ቤት ገባ። ሴትዮዋም መጥተው ተቀመጡ። ወንድሜ ሌላ ትልቅ ዲስክ ከመደርደሪያ አወረደ።

ሦስት ዲስኮች ነበሩ። ሁለቱን ከመደርደሪያው፣ አንዱን ከእጁ ነጠቅኩና መሬት ላይ አድርጌ በመዶሻ ሰባበርኳቸው።

«አበድሽ? ሰው ፊት!»

«አዎ፣ ሰው ፊት! ቀስ ብዬ ስነግርህ አሾፍክብኝ። ዓይንህ ቢጠፋ ማን ዓይኑን ያውስሃል? እኚህ እናት?»

«እኔ ምን አደረግሁ ልጄ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አጣደፉት እማማ። እኔም ዝም አልኩ።»

«በሩስ?» አሉ።

«በእጅ መጋዝ እንቆርጠዋለን። ለአረፋ አይደርስም።»

ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምላሴ እንደረዘመ ሰማ። የተማረች ሴት እንዲህ ናት ተባለ። ይበሉ።

ያን ቀን ብቻዬን ቆረጥኩ። መጋዝ ቀርፋፋ ነው፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያለቀለትን መስኮት እንደገና ቀለም ይቀባ ነበር። በማግስቱም አላናገረኝም። ከሰዓት ግን የብረቱን ሌላ ጫፍ እንዳይንቀጠቀጥ መጥቶ ያዘልኝ።

«አጣመምሽው» አለ በመጨረሻ።

ቁጣዬ ገና አልበረደም። «ራስህ ቁረጠው» ብዬ መጋዙን ሰጠሁት።