በኮቱ ኪስ የተገኘችው ካልሲ

ልብስ ተኳሿ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህ፣ ታናሽ እኅቷን እንደ ልጇ አሳድጋለች። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ላውንደሪ ቤት ነው፤ ታናሺቱ ከፊት ልብስ ትቀበላለች፣ ታላቂቱ ከጓዳ በእንፋሎት ተከባ ካውያዋን ስትገፋ ትውላለች። ሙያውን ያስተማረቻት አሮጊት አንድ ሕግ አጥብቃ ነግራት ነበር፦ ከደንበኛ ኪስ የተገኘ ነገር ይመለሳል፤ አይወራም። ተኳሿም ይህን እንደ መሐላ ጠብቃ የስንቱን ጉድ በሆዷ ይዛ ኖራለች።

ሸጋው የሚሉት ደንበኛ ግን ኮቱን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ምላሱንም ጭምር እንጂ።

«እትዬ፣ ይህ እጅ እኮ ለካውያ አልተፈጠረም!»

«ለጥፊ ነው የተፈጠረው፤ ኮትህን አስቀምጥና ሂድ» ትለዋለች፤ ሳትወድ ግን ትስቃለች። እኅቷ ደግሞ ከእርሷ አብልጣ ትስቅ ነበር። ሚስትም ልጅም የለኝም ብሏቸዋል፤ ሁለቱም አምነውታል።

አንድ ቀን ከኮቱ ኪስ አንዲት የሕፃን ካልሲ ወጣች። ጫፏ ርሷል፤ ወተት ወተት ትሸታለች። ተኳሿ አገላብጣ አየቻት። ከዚያም እንደ ልማዷ ካልሲዋን መልሳ ከተተቻት።

ሸጋው ኮቱን ሲረከብ ኪሱን ዳሰሰ። ፈገግታው አልጎደለም።

«ሁሉም እንዳለ ነው፣ እትዬ?»

«እንዳለ ነው።»

«የምወድሽ ለዚህ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ነገሩ አልጣማትም፤ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሣት። ሕግ ሕግ ነውና ግን ለእኅቷ ትንፍሽ ሳትል ሰነበተች።

እሑድ ጠዋት እኅቷን ሻንጣ ስትቆልፍ አገኘቻት።

«ከሸጋው ጋር ልሄድ ነው፣ እትዬ። ሌላ ከተማ።»

«ልጅ አለው! ከኪሱ የሕፃን ካልሲ አግኝቻለሁ።»

«ነግሮኛል። የሞተች ልጁ ማስታወሻ ናት። ‹እኅትሽ ማንሣቷ አይቀርም፣ እንዳትቀየሚያት› ብሎኛል። ካወቅሽ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም? ልሄድ ስል ነው ትዝ ያለሽ?»

«የኔ እናት፣ ወተቱ ገና አልደረቀም ነበር።»

የእኅቲቱ እጅ ሻንጣው ላይ ለአፍታ ቆመ። ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ቀጥሎም ያ የለዘበ ድምፅ፦ «የኔ ዓለም፣ እንዳንዘገይ!»

ተኳሿ በሩን ይዛ ቆመች። እኅቲቱ በትከሻዋ ገፋ አድርጋት አለፈች።

ሸጋው ሻንጣውን ተቀብሎ ለተኳሿ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «አታስቢ፣ እትዬ፤ አደራሽን አጥብቄ ነው የምይዘው።»

የመኪናውን በር ከፍቶ እኅቲቱን አስገባ። ከዘጋውም በኋላ እጀታውን ሳብ አድርጎ መቆለፉን አረጋገጠ።