ለፋሲካ የተለቀለቀው ግድግዳ

ልጄ ብሩክቲ ደቻቱ ወንዝ ዳር ስትጫወት ቆይታ መጣችና ፀሐይ ላይ ኩርምት ብላ «በረደኝ» አለች። በድሬዳዋ ሙቀት በረደኝ የሚል ልጅ ካያችሁ አትዘናጉ። ማታ ተንቀጠቀጠች። ጠዋት መቃዠት ጀመረች።

ሐኪም ቤት ዶክተር ይልማ ተቀበሉን። እጃቸውን አፋትገው ካሞቁ በኋላ ሆዷን ዳበሱ።

«ጣፊያዋ አብጧል። ወባ ነው» አሉኝ። የክሎሮኪን ክኒን አዘዙላት።

ገና ሳይሻላት፣ ዶክተሩ ከሐኪም ቤቱ ለቀው የከተማው ጤና ሹም እንዲሆኑ መሾማቸውን ሰማሁ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ልጄን ለማን ጥለው ነው?»

«ልጅሽን ሳላስነሳ አልሄድም፣ እህቴ። ግን እዚህ አንዷን ሳድን ሌላ ይመጣል። ትንኟ የምታርፈው ግድግዳችሁ ላይ ነው፤ እሱን ማስረጨት የምችለው ሹም ስሆን ነው።»

ብሩክቲ ዳነች። እሳቸውም ቢሮ ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞች መጥተው ቤታችንን ዲዲቲ የሚባል የትንኝ መድኃኒት ረጩት። ግድግዳው በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎረጎረ። ፋሲካ ሲደርስ እንደ ልማዳችን ሁላችንም በአዲስ ጭቃ ለቀለቅነው።

ከዝናቡ በኋላ ትንሹ ልጄ ሳሙኤል ታመመ። ሰውነቱ ጋለ እንጂ እንደ እህቱ አልተንቀጠቀጠም። ዝም አለ። ጡት እንቢ አለ። ታቅፌው ወደ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። የደቻቱ ድልድይ ላይ እጄ ላይ አረፈ።

ዶክተር ይልማ ለቅሶ መጡ። ጎረቤቴ አሚና፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሶማሌ፣ አላስቀመጠቻቸውም።

«አቦ ዶክተር፣ ድሮ እጅህ ይደርሰን ነበር። አሁን የመኪናህ አቧራ ብቻ!»

ዶክተሩ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«መድኃኒቱስ?»

«ለፋሲካ ለቀለቅነው።»

«አትለቅልቁ ያላችሁ ሰው የለም?»

«የለም።»

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። «እርጩ ብዬ አዘዝኩ። ጭቃ መድኃኒቱን እንደሚሸፍነው ለእናንተ ግን አልነገርኩም» አሉና አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ርጭት በመጣ ቁጥር ከሠራተኞቹ ቀድመው ሰፈራችን ይመጡና ሴቶቹን ሰብስበው ያስረዳሉ፤ አሚናም ንግግራቸውን በሶማልኛና በኦሮምኛ እየተረጎመች፣ «ሹም ሆኖ በእግሩ የሚዞር ይኸው!» እያለች ታስቃለች። እኔም እየሳቅሁ ዕንባዬን እጠርጋለሁ።

ልጅ ያላችሁ፣ ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ ክኒኑን አታቋርጡ። ሕፃን ዝም ካለባችሁ፣ እስኪንቀጠቀጥ አትጠብቁ። የተረጨ ግድግዳ አትለቅልቁ።

ዶክተር ይልማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብሩክቲን ባዳኑበት እጅ የሳሙኤሌን ግድግዳ ሲዳብሱ አይቻለሁ። ቤቴ ዘንድሮም ፋሲካን እንደተዥጎረጎረ ይውላል።